የ4 ዓመት ልጅ ቀሚስ፦ ራስ የሚያሳልፍ አንገት፣ እጅ የማይዝ ብብት

ከደሴ የደረሰን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ለእናንተ። የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ያገለገለ የእጅ ስፌት መኪና ገዝቼ ቀሚስ ልሰፋላት ሞከርኩ። ከሰኞ ገበያ 1 ሜትር ተኩል አበባ ያለበት የጥጥ ጨርቅ ገዛሁና አሮጌ ቀሚሷን ላዩ ላይ አንጥፌ ቆረጥኩ። ራሷ አልገባ ስላለ አንገቱን ደጋግሜ አሰፋሁት፤ አሁን ከትከሻዋ እየወረደ አስቸግሯል። ብብቷን ያዛት ብዬ ወደ ታች ብቆርጠው ደግሞ እጇን ባነሳች ቁጥር ቀሚሱ አብሮ ይነሳል። አንዴ ሲታጠብ አጠረ፣ ስፌቱም ተጨማዷል። ቅድ ሳልማር ቀላል ቀሚስ እንዴት ልስፋላት? ስንት ጨርቅ ይበቃኛል? የተበላሸውስ ይድናል?»

እህቴ፣ አብሽሪ፤ ይድናል። ከጻፍሻቸው ችግሮች አብዛኞቹ የመጡት ከሁለት ነገር ነው፤ ጨርቁ ሳይታጠብ ተቆርጧል፣ ልኩም የተወሰደው ከልጅቷ ሳይሆን ከአሮጌ ቀሚሷ ነው። የስፌቱ መጨማደድ ብቻ የመኪናው ጉዳይ ስለሆነ እሱን ለብቻው እናየዋለን።

ከአሮጌ ልብስ ላይ መገልበጥ ቀላል መስሎ ብዙ ጀማሪ ያሳስታል። ከሱቅ የሚገዙ ብዙ የልጅ ልብሶች እንደ ካናቴራ ከሚለጠጥ ጨርቅ የተሠሩ ናቸው። አንገታቸው ራስ ሲገባ ይሰፋል፣ ሲወጣ ይመለሳል፤ ብብታቸውም ጠባብ ሆኖ እጅ አይዝም። አንቺ የገዛሽው ጥጥ ግን በድርና ማግ የተሸመነ ነው፤ አይለጠጥም። የሚለጠጠውን ልብስ ልክ ወደማይለጠጥ ጨርቅ ካዛወርሽ ቀሚሱ ከመጀመሪያውም ጠባብ ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ ጠርዙን ተከትለሽ ስትቆርጪ ለስፌት የሚበላውን ትርፍ ካልጨመርሽ፣ በእያንዳንዱ ጎን አንድ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ታጫለሽ።

የልጅ ቀሚስ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው አንገቱና ብብቱ ላይ ነው። የቀረው አራት ማዕዘን ጨርቅ ነው፤ ሸንሽነሽ ትገጥሚዋለሽ። የ4 ዓመት ልጅ የአዋቂ ዓይነት ወገብ የላትም፤ ደረቷ 56 ሴ.ሜ ከሆነ ሆዷም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ወገብ ላይ የሚያጠብቅ ቀሚስ ስትሮጥ ወደ ላይ ይወጣባታል። ከትከሻ ተንጠልጥሎ፣ ደረት ላይ በልክ ሆኖ፣ ከደረት በታች በሽንሽን የሚለቀቅ ቀሚስ ለጀማሪም ለልጅም ይመቻል። ከዚህ በታች የምሰጥሽ ልክ ለእንዲህ ያለው ቀሚስ ነው።

አንገቱን በቁጥር እንየው። የ4 ዓመት ልጅ የራስ ዙሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 51 ሴ.ሜ ይሆናል። ትከሻዋ ላይ በወጉ የሚቀመጥ የአንገት ቅድ ግን ዙሪያው 33 ሴ.ሜ ገደማ ነው። ይህን የ18 ሴ.ሜ ልዩነት አንገቱን በማስፋት ልሙላው ካልሽ ቀሚሱ ከትከሻዋ መውረዱ አይቀርም። መፍትሔው ከኋላ፣ መሃል ላይ፣ ወደ ታች መሰንጠቅ ነው። ስንጥቁ በግራም በቀኝም ስለሚቆጠር 10 ሴ.ሜ ብትሰነጥቂ 20 ሴ.ሜ ታገኛለሽ፤ 33 ላይ ሲደመር 53 ይሆንና ራሷ ያልፋል። ጫፉ ላይ ስፌቱ ትንሽ ስለሚበላ 12 ሴ.ሜ አድርጊው።

ብብቱ ላይ የገጠመሽ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ልብስ ብብት ሲይዝ እጃችን ወዲያው ወደ ታች ለመቁረጥ ይቸኩላል። እጅ ሲነሳ ግን የቀሚሱን ጎን ወደ ላይ የሚጎትተው የብብቱ የታችኛው ነጥብ ነው። ያ ነጥብ ከብብቷ በራቀ ቁጥር ብዙ ጨርቅ ይዞ ይነሳል፤ ቀሚሱ አብሮ የሚወጣባትም ለዚህ ነው። የሚያጠብቃት ብዙውን ጊዜ ከፊት በኩል፣ ክንዷ ከደረቷ ጋር በሚገናኝበት እጥፋት ላይ የሚያርፈው ጨርቅ ወይም የደረቱ መጥበብ ነው። ስለዚህ የፊቱን ብብት ከኋላው በግማሽ ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ታጎድጉጂዋለሽ፣ ደረቱን ታሰፊዋለሽ፣ ጥልቀቱን ግን አትነኪውም።

አሁን ወደ ጨርቁ። ለመጀመሪያ ቀሚስ ስስ ያልሆነና የማያንሸራትት ጥጥ ይሻላል፦ ፖፕሊን፣ አቡጀዲ ወይም የአንሶላ ጨርቅ። ሻጩ «ጥጥ ነው» ያለሽን ለማረጋገጥ ከጠርዙ ጥቂት ክር ምዘዢና በብረት ሰሃን ላይ ለኩሺው። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ በጣት የሚደቅ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ግን ተኮማትሮ ጠንካራ ጥቁር ጠጠር ይሠራል። ሐርና ሽፎን መሰሎቹን ለጊዜው ተያቸው፤ በመቀስ ሥር ስለሚንሸራተቱ ሁለቱ ጎኖች እኩል አይወጡም። ለልምምድ ከቤት ያለ አሮጌ የጥጥ አንሶላ የሚተካከለው የለም። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚያመርተው ዓይነት አንሶላ ካለሽ ሰፊ ነው፣ በመታጠብ ብዛት የሚገባውን ያህል ገብቷል፣ ብታበላሺውም አይቆጭሽም።

ስንት ይበቃል ላልሽው፣ መልሱ በጨርቁ ስፋት ይወሰናል። ስለዚህ ከማስቆረጥሽ በፊት ስፋቱን አስለኪ። የ150 ወይም የ115 ሴ.ሜ ስፋት ካለው 1 ሜትር ይበቃል፤ 90 ሴ.ሜ ብቻ ከሆነ 1 ሜትር ተኩል ግዢ። በዚህ ውስጥ ጨርቁ ሲታጠብ በመግባት (በማጠር) የሚጠፋው፣ ለአንገትና ለብብት የሚሆነው ጥብጣብና ትንሽ ኪስም ተካትቷል። አበቦቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የቆሙ ከሆኑ ፊትና ኋላውን ወደዚያው አቅጣጫ ቁረጪ፤ አለበለዚያ በአንዱ ጎን አበባው ተዘቅዝቆ ይቀራል።

ጨርቁን ከመቁረጥሽ በፊት ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አሳድሪው፣ ሳትጨምቂ አስጪው፣ እርጥበቱ ጨርሶ ሳይጠፋ በካውያ ተኩሺው። የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያ እጥበት ከ100 ሴ.ሜ ከ3 እስከ 5 ሴ.ሜ ሊገባ ይችላል፤ በርዝመቱ (በድሩ) በኩል ደግሞ ይብሳል። 58 ሴ.ሜ የነበረ ቀሚስ 3 ሴ.ሜ ሲያጥር ከጉልበት በታች የነበረው ጉልበት ላይ ይደርሳል። ያንቺም ያጠረው በዚህ ነው። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሺበት፤ ቀለም ከለቀቀ እስኪያቆም ደጋግመሽ ለብቻው እጠቢው። ከደረቀ በኋላ በአንዱ ጫፍ አንድ የማግ ክር ከዳር እስከ ዳር ሳቢና ክሩ የወጣበትን መስመር ተከትለሽ ቁረጪ። ሱቅ ውስጥ የተቀደደ ወይም በዓይን የተቆረጠ ጫፍ ሁልጊዜ ቀጥ አይልም፤ ከጠማማ ጫፍ የተነሳ ቀሚስ ደግሞ ሲለበስ ወደ አንድ ጎን ይዞራል።

ልኬቱ ከልጅቷ ይወሰድ፤ ከላይ በቀጭን ካናቴራ፣ ቆማ፣ እጇን ጥላ። የሚያስፈልጉሽ አራት ናቸው፦ የደረት ዙሪያ በብብት ሥር፣ የራስ ዙሪያ በግንባር ላይ፣ ከትከሻ አጥንት እስከ ትከሻ አጥንት በጀርባ፣ ከአንገት ሥር ከትከሻ ጀምሮ ቀሚሱ እንዲያልቅ እስከፈለግሽበት ያለው ርዝመት። ለምሳሌ ደረት 56፣ ራስ 51፣ ትከሻ 25፣ ርዝመት 58 ሴ.ሜ ይሁን። የልጅሽ ልክ ከዚህ ከተለየ ሒሳቡን በራሷ ልክ ሥሪው።

የወረቀት ቅዱን በጋዜጣ ላይ አውጪ። ጋዜጣውን ለሁለት እጠፊ፤ እጥፋቱ የቀሚሱ መሃል ነው። ከእጥፋቱ ላይ ከላይ ወደ ታች 18 ሴ.ሜ ለኪ፤ ይህ የደረቱ ክፍል ቁመት ነው። ከላይኛው ጫፍ ከእጥፋቱ ወደ ጎን 6 ሴ.ሜ ምልክት አድርጊ፤ የአንገቱ ግማሽ ስፋት ነው። በዚያው መስመር 12 ሴ.ሜ ተኩል (የትከሻው ግማሽ) ሂጂና ከዚያ 2 ሴ.ሜ ወደ ታች ውረጂ፤ ይህን ነጥብ ከአንገቱ ነጥብ ጋር በማስመሪያ ስታገናኚው የትከሻው ዘቅዛቃ መስመር ይወጣል። የብብቱ ጥልቀት የደረት ሩብ እና 1 ሴ.ሜ ነው፤ 56 ለ4 ሲካፈል 14፣ 1 ሲጨመር 15። ስለዚህ ከላይ 15 ሴ.ሜ ወርደሽ ወደ ጎን 16 ሴ.ሜ ትሄጃለሽ። 16ቱ የደረቱ ሩብ 14 ላይ 2 ሴ.ሜ ልቅነት ተጨምሮበት ነው፤ በአራቱም ሩብ ሲታሰብ ቀሚሱ ከደረቷ 8 ሴ.ሜ ይሰፋል፤ ለመተንፈስም ለመሮጥም ይበቃታል። ከትከሻው ጫፍ የብብቱን መስመር ወደ ታች ስታወርጂ ከእጥፋቱ 12 ሴ.ሜ ርቀት ላይ ቀጥ ብለሽ 8 ሴ.ሜ ያህል ውረጂ፣ ከዚያ ወደ ጎኑ ነጥብ በቀስታ አጉብጪው። ለፊቱ ቅድ 12ቱን 11.5 አድርጊ፤ ያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው ክንዷን የሚፈታላት።

አንገቱ ከኋላ 2 ሴ.ሜ፣ ከፊት 6 ሴ.ሜ ተኩል ይውረድ። ክቡን ስትስይ መስመሩ እጥፋቱ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ፣ በማዕዘን ይግጠም። እየወረደ ከደረሰ ጨርቁ ሲዘረጋ መሃሉ ላይ እንደ «ቪ» ይሾላል፣ እየወጣ ከደረሰ ደግሞ ጉብ ይላል። ስትጨርሺ ሜትሩን በጠርዙ አቁመሽ የፊቱንና የኋላውን ክብ ለኪ፤ ድምሩ በእጥፍ 33 ሴ.ሜ አካባቢ መምጣት አለበት።

ለስፌት የሚተወው ትርፍ በየቦታው ይለያያል፣ ምክንያትም አለው። ለትከሻ 1 ሴ.ሜ ተኩል፣ ለደረቱ ክፍል የታችኛው ጠርዝ 1 ሴ.ሜ ጨምሪ። ለጎን 2 ሴ.ሜ ጨምሪ፤ ልጅ ታድጋለችና በኋላ የምትፈቺው ከዚህ ነው። ለአንገትና ለብብት ግን ምንም አትጨምሪ፤ እነሱ በጥብጣብ ይጠቀለላሉ እንጂ አይታጠፉም። አንገቱ ዙሪያ 1 ሴ.ሜ ብትተዪ ክቡ በ6 ሴ.ሜ ገደማ ይጠብባል፤ «ለክቶ ቆርጬ ለምን ጠበበኝ» የሚሉ ብዙዎች የወደቁት እዚህ ላይ ነው።

የታችኛው ሽንሽን ቁመት ከጠቅላላው ርዝመት ላይ የደረቱ ክፍል ሲቀነስ ነው፦ 58 ሲቀነስ 18፣ 40 ይሆናል። ለላይ ስፌት 1፣ ለታች እጥፋት 8 ሴ.ሜ ስትጨምሪ 49 ይመጣል። በስፋት ሁለት ቁራጭ፣ እያንዳንዳቸው ከ70 እስከ 75 ሴ.ሜ፤ የደረቱ ክፍል በየጎኑ 36 ስለሆነ ይህ እጥፍ ያህል ሽንሽን ይሰጣል። በ115 ጨርቅ ለሁለት ስትከፍዪው 57 ሴ.ሜ ብቻ ይደርስሻል፤ ሽንሽኑ ይቀላል እንጂ ምንም አይሆንም። ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ግን አትሂጂ። ለ4 ዓመት ልጅ ደረት ላይ የተከማቸ ጨርቅ ይከብዳታል፣ ስፌቱም እንደ ገመድ ይወፍራል።

ወረቀቱን ጨርቁ ላይ ስታስቀምጪ መሃሉ ከጨርቁ የፋብሪካ ጠርዝ ጋር ትይዩ መሆኑን ከላይም ከታችም በሜትር አረጋግጪ። በስፒል ያዢ፣ በደረቀ የሳሙና ስባሪ ምልክት አድርጊ። ከዚያ በሰያፍ፣ በ45 ዲግሪ፣ 3 ሴ.ሜ ተኩል ስፋት ያላቸው ጥብጣቦች ቁረጪ። ለአንገት 40፣ ለእያንዳንዱ ብብት 34 ሴ.ሜ ያህል ያስፈልጋል፤ ካጠረ ቀጥዪው። ጥብጣቡ በሰያፍ ካልተቆረጠ ክብ ላይ አይታዘዝም፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጥብጣብ የውስጡ ጠርዝ ሁልጊዜ ይጨማደዳል።

የስፌቱ ቅደም ተከተል ከቅዱ እኩል ዋጋ አለው። ለእጅ መኪና ዋናው ብልሃት ጨርቁ ጠፍጣፋ እያለ የሚሠራውን ሁሉ አስቀድሞ መጨረስ ነው፤ ጎን ከተዘጋ በኋላ ትንሿን ብብት በመኪናው እግር ሥር ማዞር ለልምድ ያለውም ያስቸግራል።

መጀመሪያ አንገቱ እንዳይለጠጥ ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገባ ብለሽ አንድ መስመር ስፊበት። ይህን የሚዘሉ ሰዎች አንገቱ በእጃቸው ሲነካካ ብቻ እስከ 2 ሴ.ሜ ሲሰፋባቸው ያያሉ።

ቀጥሎ የኋላው ስንጥቅ። 8 በ16 ሴ.ሜ የሆነ ቁራጭ ቁረጪ፣ የቁራጩን ፊት ከቀሚሱ ኋላ ፊት ጋር አግጥመሽ መሃል ላይ አስቀምጪ። ገና አትሰንጥቂ። የስንጥቁን መስመር 12 ሴ.ሜ አስምሪ። ከላይ ከመስመሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ርቀሽ ጀምሪ፣ እየጠበብሽ ውረጂ፣ ጫፉ ላይ ስትደርሺ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ ተክለሽ አዙሪ፣ አንድ ስፌት ወደ ጎን ስፊ፣ እንደገና አዙረሽ በሌላው በኩል ውጪ። ያቺ አንዲት የጎን ስፌት ለመቀሱ ቦታ ታስገኛለች። አሁን መሃሉን ቁረጪ፣ ስፌቱ ጋ አንድ ሁለት ክር እስኪቀር ድረስ ተጠጊ። ፈርተሽ ሩቅ ላይ ካቆምሽ ሲገለበጥ ጫፉ ይሸበሸባል፤ ስፌቱን ከቆረጥሽ ደግሞ ይቀደዳል። ገልብጠሽ በካውያ ተኩሺ፣ ዙሪያውን ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ገብተሽ ስፊበት።

ትከሻውን በድብቅ ስፌት ዝጊ፤ መኪናሽ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ስለሚሠራ ጠርዙ እንዳይተረተር ይህ ይሻላል። ጀርባ ለጀርባ (የጨርቁ ፊት ወደ ውጭ ሆኖ) በ6 ሚሊ ሜትር ስፊ፣ ትርፉን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከርክሚ፣ ገልብጠሽ በ9 ሚሊ ሜትር ድገሚው። የተቆረጠው ጠርዝ ውስጥ ታስሮ ይቀራል፣ አንገቷንም አይኮሰኩሳት።

አንገቱን በጥብጣቡ ጠቅልዪ። የጥብጣቡን ፊት ከቀሚሱ ፊት ጋር አግጥመሽ በ8 ሚሊ ሜትር ስፊ፣ ስትሰፊ ጥብጣቡን በጣም በትንሹ እየወጠርሽ፤ በጠቅላላው አንገት 1 ሴ.ሜ ያህል ቢቀንስ ክቡ ደረቷ ላይ ተኝቶ ይቀመጣል። ጠርዙን አልፈሽ ወደ ውስጥ አጥፊው፣ ጫፉን አስገቢ፣ ወስውሺው፣ ከዚያ በመኪና ስፊ። ሳይወሰወስ በቀጥታ ከተሰፋ ከታች በኩል ጥብጣቡን እየሳተ ይሄዳል። በአንዱ ጫፍ የሚተርፈውን ጥብጣብ 5 ሴ.ሜ አስረዝመሽ፣ አጥብበሽ ሰፍተሽ ለቁልፍ ማቆለፊያ ቀለበት አድርጊው፤ ለ12 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ታጥፎ 1 ሴ.ሜ ተኩል የሚሆን ቀለበት ይበቃል። በአንገት ዙሪያ የሚታሰርና የሚንጠለጠል ክር ግን አታድርጊ፤ በጨዋታ ላይ ሚስማርና እጀታ ይይዘዋል። በአውሮፓ የልጆች ልብስ ደረጃ ከ7 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በአንገት አካባቢ ማሰሪያ የተከለከለው በዚሁ አደጋ ነው።

ብብቶቹንም ጎን ሳይዘጋ በዚሁ መንገድ ጠቅልዪ።

ሽንሽኑ ላይ ጊዜ ስጪ። የስፌቱን ርዝመት መኪናው እስከሚፈቅደው ድረስ፣ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር፣ አርዝሚ፣ የላይኛውን ክር መወጠሪያ ትንሽ አላሊ። ከጠርዙ 7 ሚሊ ሜትር ላይ አንድ፣ 13 ሚሊ ሜትር ላይ ሌላ መስመር ስፊ፤ ሁለቱንም ጫፍ ላይ 2 ሴ.ሜ ሲቀር ጀምሪ፣ 2 ሴ.ሜ ሲቀርም አቁሚ፤ ያ ቦታ ለጎን ስፌት የሚሄድ ነው። አንድ መስመር ብቻ ከሰፋሽ ሽንሽኑ ይወላገዳል፤ ሁለት ሲሆን እጥፎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የደረቱን ክፍልም ሽንሽኑንም አራት እኩል ቦታ ምልክት አድርጊ፣ ምልክቱን ከምልክቱ በስፒል አግጥሚ፣ ከዚያ የታችኛውን ክር ከሁለቱም ጫፍ እያፈራረቅሽ ሳቢ። ከአንድ ጎን ብቻ የተሳበ ክር መሃል ላይ ሳይደርስ ይበጠሳል። ሽንሽኑን በጣትሽ እኩል አከፋፍዪና በሁለቱ መስመሮች መካከል፣ 1 ሴ.ሜ ላይ፣ በተለመደው የስፌት ርዝመት ስፊ። ስትሰፊ ሽንሽኑ ከላይ በኩል ይታይሽ፤ ከታች ከሆነ የመኪናው ጥርስ እየሰበሰበ እጥፍ ላይ እጥፍ ይሠራል። ውጭ የሚታየውን ረጅም ክር ፍቺ፣ ትርፉን ወደ ላይ አጥፈሽ በደረቱ ክፍል ላይ ከስፌቱ 2 ሚሊ ሜትር ከፍ ብለሽ ስፊበት፤ እንዲህ ካልሆነ ትርፉ እየወረደ ሆዷን ይበላታል።

አሁን ፊትና ኋላውን አግጥመሽ ከብብት እስከ ግርጌ በአንድ መስመር፣ በ2 ሴ.ሜ፣ ጎኖቹን ዝጊ። የብብቱ ጥብጣብና የደረቱ መገጣጠሚያ በሁለቱም በኩል እኩል መግጠማቸውን አስቀድመሽ በስፒል ያዢ። እዚህ ላይ ድብቅ ስፌት አትጠቀሚ፤ በኋላ ስትፈቺው አይፈታም። ጠርዙን በእጅ ዘምዝሚ፣ ወይም ኦቨርሎክ (ጠርዝ የሚዘመዝም መኪና) ካለው ሰፊ ዘንድ ወስደሽ አሠሪ። ግርጌውን 1 ሴ.ሜ፣ ቀጥሎ 7 ሴ.ሜ አጥፈሽ ክሩ ከውጭ በማይታይ የእጅ ስፌት ያዢው። በመኪና የተሰፋ ግርጌ በኋላ ሲለቀቅ የመርፌው ቀዳዳ መስመር ሆኖ ይቀራል።

ስፌቱ ስለተጨማደደው፦ መጀመሪያ መርፌውን ተመልከቺ። ካገለገለ መኪና ጋር የሚመጣ መርፌ ብዙውን ጊዜ ወፍራም ወይም የደነዘዘ ነው። ለፖፕሊን 11 ወይም 12 ቁጥር፣ ወፈር ላለ ጥጥ 14 ቁጥር ይበቃል። መርፌው ላይ ረጅም ቦይ አለ፤ ቦዩ ክሩ በሚገባበት በኩል መዞር አለበት፣ አለበለዚያ መኪናው ስፌት ይዘላል። ቀጥሎ ከላይ አንድ ቀለም ክር፣ ከታች ሌላ ቀለም አድርገሽ በሁለት ድርብ ቁራጭ ላይ ሞክሪ። የታችኛው ቀለም ከላይ እንደ ነጥብ ብቅ ብቅ ካለ የላይኛው ክር ተወጥሯል፤ መወጠሪያውን ወደ ግራ ሩብ ዙር እያላላሽ ደጋግሚ። የላይኛው ከታች ከታየ ደግሞ ወደ ቀኝ። የታችኛው ክር ጠብቆ እንደሆነ ለማወቅ ቦቢኑን (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን) ከነቤቱ በክሩ አንጠልጥዪው፤ ራሱን ችሎ መቆም፣ ስትነቀንቂው ደግሞ ትንሽ መውረድ አለበት። የስፌቱ ርዝመት 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሁን፤ በ3 ሴ.ሜ ውስጥ 12 ስፌት ከቆጠርሽ ትክክል ነው። በመጨረሻም ጨርቁን ከኋላ አትጎትቺ። በቀኝ እጅ መኪናውን እያዞርሽ በግራ ስትጎትቺ ጨርቁ ተወጥሮ ይሰፋል፣ ስትለቂው ይሰበሰባል።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልጅቷ ለዘመድ ጥየቃ ስትወርድ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ዓይነት ልብስ ትፈልጋለች። ለጀማሪ ረጅም እጅጌ መግጠም ስለሚከብድ እጅጌ የሌለውን ይህንኑ ቀሚስ ከሹራብ በላይ እንዲለበስ አድርጎ መሥራት ይቀላል፦ የደረቱን ሩብ ከ16 ወደ 17፣ የብብቱን ጥልቀት ከ15 ወደ 16 ሴ.ሜ አድርጊ፣ ትከሻና አንገቱን እንዳለ ተዪው። ደሴ በሹራብ፣ ኮምቦልቻ ያለ ሹራብ ትለብሰዋለች። ለብርድ ብለሽ ፍላኔል ብትመርጪ ይሞቃታል፣ ነገር ግን ፀጉራማው የጥጥ ጨርቅ እሳት ቶሎ ይይዘዋል፣ ፖሊስተሩ ደግሞ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከሰል በሚቀጣጠልበት፣ ቡና በሚፈላበት ቤት ቀሚሷ ከጉልበት በታች ብዙ አይርዘም፣ ሽንሽኑም አይብዛ።

በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት 6 ወይም 7 ሴ.ሜ ትረዝማለች፤ ከዚያ ውስጥ ለቀሚሱ የሚደርሰው ግማሹ ያህል ነው። ስለዚህ የ7 ሴ.ሜው ግርጌ አንዴ 3፣ አንዴ 4 እየተለቀቀ ሁለት ዓመት ያህል ያገለግላል። ጎኑን በየስፌቱ 1 ሴ.ሜ ስትፈቺ ደረቱ በ4 ሴ.ሜ ይሰፋል። ብብቱ ጎን ከመዘጋቱ በፊት ስለተጠቀለለ ሲፈታ ጥብጣቡ አብሮ ይወጣል፣ አዲስ ሥራ አይጠይቅም። የድሮው እጥፋት መስመር ነጭ ሆኖ ከታየ በላዩ ጥብጣብ ስፊበት።

የተበላሸውን ቀሚስ በተመለከተ፣ አንገቱ ራሷን እስኪያሳልፍ ከሰፋ ዙሪያው አሁን 52 ሴ.ሜ አካባቢ ይሆናል። ይህን ወደ ላስቲክ አንገት ለውጪው። በሰያፍ የተቆረጠ ጥብጣብ በአንገቱ ዙሪያ ወደ ውስጥ ገልብጠሽ 1 ሴ.ሜ ስፋት ያለው መተላለፊያ ሥሪ፣ 2 ሴ.ሜ ክፍት ተዪ፣ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ላስቲክ 35 ሴ.ሜ ተኩል ቆርጠሽ በመርፌ ቁልፍ አሳልፊ፣ ጫፎቹን 1 ሴ.ሜ ተኩል ደራርበሽ ስፊ። ራሷ ሲገባ ይለጠጣል፣ ሲለቀቅ 34 ሴ.ሜ ላይ ያርፋል፣ ከትከሻዋም አይወርድም። ወደ ታች ለተቆረጠው ብብት ከተረፈው ጨርቅ በእያንዳንዱ ጎን ባለሦስት ማዕዘን ቁራጭ፣ ከላይ 6 ሴ.ሜ ስፋት፣ ወደ ታች 8 ሴ.ሜ ቁመት ኖሮት የሚሾል፣ የጎኑን ስፌት ተርትረሽ አስገቢበት፤ ብብቱን ከፍ ያደርገዋል፣ ደረቱንም ያሰፋዋል። ቁራጩን ስትቆርጪ በየጠርዙ 1 ሴ.ሜ ለስፌት ጨምሪ፣ ጨርቁ ካልታጠበም መጀመሪያ ንከሪው። ርዝመቱ ያጠረው ግርጌ ላይ ከሌላ ቀለም 10 ሴ.ሜ ቁመት ያለው ሽንሽን ቢጨመርበት ከመጀመሪያውም ያምራል፤ ስፋቱን ከቀሚሱ ግርጌ አንድ ተኩል እጥፍ አድርጊው።